ልብ እየመታ መባነን፦ የሌሊት የፍርሃት ጥቃት ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይታከማል?

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ያለፈ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከተኛበት ድንገት ባንኖ ይነሣል። ክፉ ሕልም አላየም፤ ማንም አልጠራውም፤ የሰፈሩ ውሻ እንኳን አልጮኸም። ልቡ ግን ደረቱን ጥሶ ሊወጣ የደረሰ ያህል ይመታል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ከንፈሩ ዙሪያ ጉንዳን የሚርመሰመስበት ይመስለዋል፤ ቤት ሙሉ አየር እያለ አየር ያጥረዋል። መስኮት ይከፍታል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል፤ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ አሳርፎ የልቡን ምት ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። በቀጣዩ ክፍል የተኙት እናቱ ኮቴውን ሰምተው ይመጡና «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ?» እያሉ ግንባሩን ይዳስሳሉ። ጥቂት ቆይቶ በታክሲ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል፤ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሣል፤ ደሙ ይመረመራል፤ ሊነጋጋ ሲል «ምንም የለብህም፤ ሂድና ዕረፍ» ተብሎ ይሸኛል።

ይህ ሰው ለማስረዳት የተሳለ እንጂ የታወቀ ግለሰብ አይደለም፤ ታሪኩ ግን በየድንገተኛ ክፍሉ የሚደጋገም ነው። «ምንም የለብህም» የሚለው ቃል ከልቡ አንጻር እውነት ነው፤ ከሌሊቱ አንጻር ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው በማግስቱ ማታ ወደ አልጋው የሚሄደው እንደ ወትሮው እንቅልፍ ፍለጋ ሳይሆን «ዛሬም ይመጣብኝ ይሆን?» እያለ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጠንከር ተደርጎ የሚቀርበው ነጥብም ከዚሁ የሚነሣ ነው። አንድ ሌሊት የመጣው ጥቃት ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል፤ ለሳምንታትና ለወራት እንቅልፍ የሚነሣው ግን ጥቃቱን በመፍራት የሚደረገው ጥንቃቄና ትግል ነው። ሕክምናውም በአመዛኙ የሚያነጣጥረው በዚህ ትግል ላይ ነው።

ሐኪሞች «ፓኒክ አታክ» የሚሉት፣ በአማርኛ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ልንለው የምንችለው ነገር፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ የሚደርስ ብርቱ ፍርሃት ሲሆን የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት መጨነቅ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ «አሁን ልሞት ነው» ወይም «አእምሮዬን ልስት ነው» የሚል ስሜት አብረውት ይመጣሉ። ለምርመራ ከነዚህና ከመሰሎቻቸው ቢያንስ አራቱ መታየት አለባቸው። ጥቃቱ ደጋግሞ ያለ ግልጽ ምክንያት ሲመጣ፣ ሰውየውም ቢያንስ ለአንድ ወር ያህል ዳግም ይመጣብኛል በሚል ሥጋት ሲኖር ወይም አኗኗሩን ሲለውጥ የፓኒክ ሕመም ይባላል። በዚህ ሕመም ከሚሠቃዩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከእንቅልፍ ያባነነ ጥቃት እንደደረሰባቸው ይናገራሉ፤ ስለዚህ የሌሊቱ ጥቃት እንግዳ ነገር አይደለም።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ጥያቄ «ተኝቼ፣ ምንም ሳላስብ፣ እንዴት ልፈራ እችላለሁ?» የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት የሌሊቱን አካሄድ ማየት ይጠቅማል። እንቅልፍ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከቀላል እንቅልፍ ወደ ከባድ፣ ከዚያም ሕልም ወደሚበዛበት ደረጃ እየተመላለሰ ይነጋል። የሌሊት የፍርሃት ጥቃት በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት፣ ሰውነት ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንቅልፍ በሚሻገርበት ጊዜ ነው እንጂ በሕልሙ ክፍል አይደለም። «ምን አየህ?» ሲባል ሰውየው «ምንም» የሚለውም ለዚህ ነው። በዚያ መሻገሪያ ላይ ትንፋሽ ይቀንሳል፣ የልብ ምት ይረጋጋል፣ ጡንቻ ይላላል፣ በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም በጥቂቱ ከፍ ይላል። ይህ ለማንም ሰው የተለመደ የዕረፍት ምልክት ነው። የሰውነቱን ለውጥ ሁሉ እንደ ዘበኛ ሲጠባበቅ ለከረመ አእምሮ ግን ዕረፍቱ ራሱ የአደጋ ምልክት ሊመስለው ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶናልድ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት መላምት፣ በአንዳንድ ሰዎች አንጎል ውስጥ የመታፈን ማስጠንቀቂያ ደወል ከልክ በላይ ስሱ በመሆኑ ሳይታፈኑ ይደወላል ብለዋል። መላምቱ ሁሉንም ነገር ባያብራራም፣ እነዚህ ሰዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ሲተነፍሱ ከሌሎች ይልቅ በቀላሉ ጥቃት እንደሚነሣባቸው መታየቱ በውስጡ እውነት እንዳለ ያሳያል።

ደወሉ አንድ ጊዜ ከተደወለ በኋላ ያለው ነገር ሰውነት በአውሬ ፊት የሚያደርገው ነው። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ይረጫል፤ ልብ ደም ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች ለመግፋት ይፈጥናል፤ ሰውየው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። የሚሮጥበት ነገር ስለሌለ ግን ያ ሁሉ ትንፋሽ ከሚፈለገው በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ያወጣል፤ የጣቶች መደንዘዝ፣ የከንፈር መነዘር፣ የራስ ምታትና የማዞር ስሜት የሚመጣውም በዚህ ነው። ነገሩን ይበልጥ አስቸጋሪ የሚያደርገው፣ አየር አጠረኝ ብሎ አብዝቶ የሚተነፍስ ሰው የማጠሩን ስሜት ራሱ ማባባሱ ነው። ብዙዎች ራሴን ስቼ እወድቃለሁ ብለው ይፈራሉ፤ ነገር ግን ራስን መሳት በአብዛኛው የሚከሰተው የደም ግፊት ሲወርድ ሲሆን፣ በፍርሃት ጥቃት ጊዜ ግፊቱ ከፍ ስለሚል መውደቅ እምብዛም አያጋጥምም።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን አዙሪት በአንድ ቀላል ሐሳብ አብራርተውታል፦ ጥቃቱን የሚያቀጣጥለው የሰውነት ስሜቱ ሳይሆን ለስሜቱ የሚሰጠው ትርጉም ነው። ሰው ደረጃ ወጥቶ ልቡ ሲመታ አይደነግጥም፤ ምክንያቱን ያውቃልና። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝቶ ሳለ ያው ምት ሲሰማው ግን «ልቤ ሊቆም ነው» የሚል ትርጉም ይሰጠዋል፤ ትርጉሙ ፍርሃት ይወልዳል፤ ፍርሃቱ ምቱን ያፈጥናል፤ የፈጠነው ምት ትርጉሙን ያረጋግጣል። የሒሳብ ሠራተኛው ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ሲቆጥር አዙሪቱን በእጁ እያሽከረከረ ነበር ማለት ይቻላል።

በሌሊት የሚያባንን ነገር ሁሉ የፍርሃት ጥቃት አይደለምና ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን «ዱካክ» የሚባለው አንዱ ነው። ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ክፍሉን እያየ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠበት ይመስለዋል፤ አንዳንዴም ጥላ ያያል ወይም ድምፅ ይሰማል። ሳይንሱ የእንቅልፍ ሽባነት ይለዋል፦ በሕልም ደረጃ ላይ ጡንቻዎች በተፈጥሮ ይታሠራሉ፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና እሥሩ ለሰከንዶች ወይም ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሲዘገይ ይህ ይከሰታል። በጀርባ መተኛትና የእንቅልፍ እጦት ያበዙታል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሳይቅሙ ባደሩበት ሌሊት የሚመጣባቸውን አስፈሪ ሕልምና ጫናም በዚሁ በዱካክ ስም ይጠሩታል፤ ይህም ሰውነት የለመደውን አነቃቂ ሲያጣ የሚከሰት ነው። ቅዠት ደግሞ ታሪክ አለው፤ ሰው ያየውን ይተርካል፤ የሚበዛውም ወደ ንጋት ነው። ከጦርነት፣ ከስደት መንገድ ወይም ከጥቃት ያመለጠ ሰው ያንኑ ነገር እየደጋገመ የሚያልም ከሆነ ከደረሰበት ጉዳት የመነጨ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው የተለየ ነው፤ ለባለሙያ በግልጽ መነገር ይኖርበታል።

የአካል ሕመሞችን በተመለከተ ደግሞ ቸል ማለት አይገባም። በእኔ እምነት ሁለቱም ጽንፍ ይጎዳል፤ ሁሉንም ነገር «ጭንቀት ነው» ማለትም፣ ጭንቀት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ዐሥር ጊዜ ኢሲጂ መነሣትም። በጀርባ ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሁለት ሦስት ትራስ ካልደረበ የማይተኛ፣ እግሩ የሚያብጥ ሰው ልቡ መመርመር አለበት፤ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው የልብ በር ችግር በአገራችን ወጣቶችንም የሚያጠቃ ስለሆነ «ገና ወጣት ነኝ» ማለት ዋስትና አይሆንም። አጠገቡ የሚተኛ ሰው «ታንኮራፋለህ፣ ከዚያ ትንፋሽህ ይቆማል» የሚለው፣ ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ሰው በእንቅልፍ የትንፋሽ መቋረጥ ሊኖርበት ይችላል። አንገቱ ላይ እንቅርት ያለው፣ እየበላ የሚከሳ፣ ሙቀት የማይችል፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገዋል። አስም፣ ወደ ላይ የሚመለስ የጨጓራ አሲድ፣ የደም ማነስ፣ ኢንሱሊን በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሚከሰት የስኳር መውረድም ሌሊት ያባንናሉ። ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድና የማይለቅ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የአንድ ወገን ሰውነት መዛል ወይም የአፍ መተሳሰር ካለ ግን የሚቀጥለውን አንቀጽ ማንበብ ትቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

አካሉ ተመርምሮ ደኅና ከተባለ በኋላ ጥቃቱ ሌሊት ሲመጣ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ ማየት ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ምክር ከማጣት ሳይሆን ጥሩ ምክርን እንደ መሣሪያ ይዞ ከመዋጋት ነውና። «በጥልቀት ተንፍስ» የሚለው የተለመደ ምክር ለምሳሌ ግማሹን ብቻ ይነግራል። ቀድሞውኑ አየር ያበዛውን ሰው በኃይል ወደ ውስጥ ተንፍስ ማለት መደንዘዙን ያብሳል። የሚጠቅመው የሚወጣውን ትንፋሽ ማስረዘም ነው፦ አፍ ተዘግቶ በአፍንጫ ቀስ ብሎ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፤ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ ከደረት ይልቅ ሆድ ከፍ ዝቅ እንዲል መተው። በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚለው የድሮ ዘዴ ግን አስም ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል መተው ይሻላል።

ከትንፋሹም የሚበልጠው ለራስ የሚነገረው ቃል ነው። «ይህን አሁኑኑ ማቆም አለብኝ» የሚል ሰው ለሰውነቱ አደጋ እንዳለ እያረጋገጠለት ነው። «አውቅሃለሁ፤ አድሬናሊን ነህ፤ ጫፍ ደርሰህ ትወርዳለህ» ብሎ ስሜቱ እንዲያልፍ መፍቀድ ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ከባድ፣ ውጤቱ ግን የተሻለ ነው። ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ሰውነት አድሬናሊኑን እያጣራ ይበርዳል። ምት አለመቁጠር፣ ግፊት መለኪያ አለማውጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልክ አንሥቶ «የደረት መጨነቅ» ብሎ አለመፈለግ ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት የሚያመጣው መልስ ዘወትር ከሕመሙ የከፋ ነው። ይልቅ እግርን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ማሳረፍ፣ የብርድ ልብሱን ሸካራነት በእጅ ማጤን፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉ አምስት ነገሮችን በስማቸው መጥራት አእምሮን ከውስጥ ምልከታ ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ጸሎት የሚጸልይ ሰው የለመደውን ጸሎት ዝግ ባለ ድምፅ ማድረስ ይችላል፤ ምት ያለው የታወቀ ቃል ትንፋሽንም ያዘገያል። ነገር ግን ጸሎቱ «አሁኑኑ ካልለቀቀኝ አልቆልኛል» ወደሚል ጥድፊያ ከተለወጠ እንደ ምት ቆጠራው ይሆናል።

ጥቃቱ ካለፈ በኋላ ያለው ሰዓት ሌላ ፈተና ነው። ሰውነት ደክሟል፣ እንቅልፍ ግን ከዓይን ጠፍቷል። አልጋ ላይ እየተገላበጡ ሰዓት ማየት፣ «አሁን ብተኛ አራት ሰዓት አገኛለሁ፤ አሁን ብተኛ ሦስት» እያሉ ማስላት አልጋውን የጭንቀት ቦታ ያደርገዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቁት ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ አልጋ ከእንቅልፍ ጋር ብቻ እንዲዛመድ፣ ሲያንቀላፉ ብቻ መተኛት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሆኖኛል ብለው ሲገምቱ፣ ሰዓት ሳያዩ፣ ተነሥቶ ከአልጋ መውጣት፤ ፀጥ ያለ፣ ብርሃኑ የደከመ ነገር እየሠሩ መቆየት፤ ሲያንቀላፉ ብቻ መመለስ፤ ሌሊቱ ምንም ይምሰል ምን ጧት ዘወትር በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት። «ሌላ ክፍል ሂድ» የሚለው መመሪያ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ለሚኖር ሰው ቀልድ ይመስላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንድ ዱካ ወይም ፍራሽ ያልሆነ ምንጣፍ በክፍሉ ጥግ አዘጋጅቶ እዚያ መቀመጥ በቂ ነው፤ ዋናው ነገር አእምሮ «እዚህ ስሆን ነቅቻለሁ፣ እዚያ ስሆን እተኛለሁ» ብሎ ድንበሩን መልሶ እንዲማር ነው። ከዚሁ ጋር የሚሰጥ፣ አልጋ ላይ የሚያልፈውን ሰዓት ለጊዜው የማሳጠር ሕክምናም አለ፤ የሚጥል በሽታ ወይም ከፍና ዝቅ የሚል የስሜት ሕመም ላለበት እንዲሁም ለአሽከርካሪ ያለ ባለሙያ ክትትል አይመከርም።

ሌሊቱን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላው ነው። ቡና በአገሩ ሆኖ ስለ ቡና ክፉ ማውራት ያስቀይማል፤ ሆኖም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ካፌይን በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ቆይቶ እንኳን ግማሹ በደም ውስጥ ይገኛል፤ በአንዳንድ ሰው ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጎረቤት ተጠርቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ያለ ሰው፣ እኩለ ሌሊት ላይም የቡናው ቀላል የማይባል ክፍል ከእርሱ ጋር ይተኛል። ካፌይን ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል፤ የፓኒክ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ደግሞ ጥቃት ሊያስነሣ እንደሚችል ይታወቃል። ቡናውን ለመተው ማኅበራዊ ኑሮን መተው አያስፈልግም፤ ሥነ ሥርዓቱን ወደ ረፋድ ማምጣት ወይም የማታውን በበረካው ብቻ መታደም ይቻላል። በአንድ ቀን ማቋረጥ ራስ ምታት ስለሚያመጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል። ጫት ነገሩን በእጥፍ ያከብደዋል፤ በምርቃና ላይ የራቀው እንቅልፍ በ«ጨብሲ» ይመጣል ተብሎ መጠጥ ሲጨመርበት፣ አልኮሉ መጀመሪያ ያስተኛል፤ ሲበርድ ግን እንቅልፉን ይቆራርጣል፤ ልብን ያስመታል፤ ሰውየውም ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ በላብ ተዘፍቆ ይነቃል። ይህ ሰው ያለበት ጭንቀት ምን ያህሉ የራሱ፣ ምን ያህሉ የጫቱና የመጠጡ እንደሆነ ለማወቅ ለጥቂት ሳምንታት ከሁለቱም መራቅ አለበት።

ጭንቀቱን ወደ አልጋ ይዞ አለመሄድ ሌላው ነገር ነው። እራት ከተበላ በኋላ፣ ከመኝታ በፊት፣ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ የነገውን ሥራ መጻፍ ከንቱ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከመኝታ በፊት ለአምስት ደቂቃ ወደፊት የሚሠሩትን የዘረዘሩ ወጣቶች ያጠናቀቁትን ከዘረዘሩት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዝርዝሩ በደፈናው የተጻፈ መሆን የለበትም፤ «የቤት ኪራይ» ብሎ ከመተው «ሐሙስ ጧት አከራዩን አነጋግራለሁ» ብሎ መጻፍ አእምሮን ይበልጥ ያሳርፋል።

ስልክን በተመለከተ ደግሞ እኛን ለየት የሚያደርገን ነገር አለ። በባህላችን መርዶ ሊነጋጋ ሲል ስለሚነገር ያለ ሰዓቱ የተንኳኳ በር ወይም የጮኸ ስልክ ልብ ያስደነግጣል። በዋሽንግተን የሚኖር ሰው በሰዓት ልዩነት ምክንያት ከአገር ቤት የሚደወልለት በእንቅልፉ ሰዓት ሊሆን ስለሚችል፣ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ በአንድ ጆሮው እየነቃ ያድራል። ስልኩን አጥፋ ማለት ለዚህ ሰው አይዋጥለትም። የሚሻለው ከቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ ለእውነተኛ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ የሚደውል አንድ ሰው መምረጥ፣ የዚያ ሰው ቁጥር ብቻ እንዲጮኽ አድርጎ ሌላውን ጥሪና የቴሌግራም መልእክት ሁሉ እስኪነጋ ዝም ማሰኘት ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ በማንኛውም ሰዓት የምትጠራ ሴት ግን ይህ ምርጫ እንኳን እንደሌላት መዘንጋት አይገባም፤ የእርሷ እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያ የሥራ ሁኔታ ጉዳይ ነው።

በራስ የሚደረገው ጥረት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለውጥ ካላመጣ፣ ወይም ሰውየው ሥራውንና መውጫ መግቢያውን እየተወ ከሆነ ሕክምና ማግኘት አለበት። የተሻለ ማስረጃ ያለው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ሲሆን፣ በሌሊት ጥቃት ላይም ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። ከክፍሎቹ አንዱ ለሰሚው እንግዳ ነው፦ ሰውየው በባለሙያ ፊት ሆን ብሎ የሚፈራውን ስሜት እንዲያመጣ ይደረጋል። ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በቦታው ይሮጣል፤ በወንበር ላይ ይሽከረከራል። ልቡ ይመታል፣ ጣቱ ይደነዝዛል፣ ያዞረዋል፤ ግን አይሞትም። ይህ ሲደጋገም የልብ ምት ትርጉም ይለወጣል፤ ሌሊት ሲመጣም የታወቀ እንግዳ ይሆናል። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ይህን በራሳቸው መሞከር የለባቸውም።

መድኃኒትን በተመለከተ ሐኪሞች በቅድሚያ የሚመርጧቸው እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ በየዕለቱ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው። ውጤታቸው የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ጭንቀቱን ሊያባብሱት ስለሚችሉ በትንሽ መጠን ይጀመራሉ። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት «ባሰብኝ» ብለው የሚያቋርጡት ይህ ስላልተነገራቸው ነው። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያረጋጋሉ፤ ጣጣቸውም እዚሁ ላይ ነው። ለሳምንታት በተከታታይ የወሰዳቸው ሰው ይለምዳቸዋል፤ በድንገት ሲያቆም ጭንቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ በብርቱ ይመለሳል፤ የሚጥል መናድም ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ለጎረቤት የታዘዘ ኪኒን ተካፍሎ መዋጥ፣ ከመጠጥ ጋር መቀላቀል፣ የለመዱትን ደግሞ ያለ ሐኪም በአንድ ቀን መጣል ሁሉም አደገኛ ናቸው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ መጠመቅ ይችላል፤ ሁለቱን ማጣላት የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በስፋት የሚታወቅ ቢሆንም፣ ስሙን ፈርተው ከመሄድ የሚቆጠቡ ሰዎች የሥነ አእምሮ ክፍል ባላቸው ሌሎች ሆስፒታሎች፣ ለምሳሌ በጥቁር አንበሳ፣ በዘውዲቱና በቅዱስ ጳውሎስ፣ ከአዲስ አበባ ውጭም በጅማና በጎንደር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ሊታከሙ ይችላሉ። በአሜሪካ የሚኖር ሰው በሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፤ ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ከሆነም 988 ላይ ይደውል። በየትኛውም አገር ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ጭንቀት አለብኝ» ከማለት ይልቅ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል፦ በስንት ሰዓት ተኛሁ፣ በስንት ሰዓት ባነንሁ፣ ሕልም ነበር ወይስ አልነበረም፣ ያን ቀን ስንት ቡና ጠጣሁ፣ ምን ቃምሁ፣ ምን ዋጥሁ፣ ከባነንሁ በኋላ ምን አደረግሁ።

በቤት ውስጥ ያለው ሰው ድርሻም አለው። እንደ ሒሳብ ሠራተኛው እናት ያለች ደግ ሰው ልጇ ሌሊት በተነሣ ቁጥር አብራ ተነሥታ፣ መብራት ሁሉ አብርታ፣ ውኃና ዘይት አምጥታ፣ «ልደውል ወይ?» ስትል ፍቅሯን እያሳየች ነው፤ ነገር ግን ጥድፊያዋ ለልጇ «በእርግጥ አደጋ ላይ ነህ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። በቀን፣ ሁሉም በተረጋጋበት ሰዓት፣ ምርመራው ደኅና መሆኑንና ሌሊት ምን እንደሚደረግ አብሮ መነጋገር ይሻላል። ከዚያ በኋላ ጥቃቱ ሲመጣ እናቲቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጅዋን ጀርባው ላይ አሳርፋ፣ «አለሁ ልጄ፣ ያልፋል፤ ቀስ ብለህ አስወጣው» ብላ ትንፋሿን ከእርሱ ጋር ታዘገየዋለች። መብራቱ አይበራም፤ ታክሲ አይጠራም። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ እርሱ ወደ ዱካው ይሄዳል፤ እርሷም ተመልሳ ትተኛለች።